ስጦታዋን ያልተቀበሏት ወይዘሮ

አሜሪካ ውስጥ የቫንደርቢልት ስም ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለው ባቡርና ገንዘብ ነው። ገርትሩድ ቫንደርቢልት በ1875 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒውዮርክ ስትወለድ ቅድመ አያቷ በመርከብና በባቡር ያካበተው ሀብት ጠበቃት። በ21 ዓመቷም እንደሷው የባለጸጋ ልጅ የሆነውን ሄሪ ፔይን ዊትኒን አገባች። ግብዣ እየጠራች ብትኖር ማንም አይፈርድባትም ነበር። እሷ ግን ቅርጻ ቅርጽ ተማረች። የሀብታም ጨዋታ ነው እንዳይሏት መጀመሪያ ላይ ሥራዎቿን የምታሳየው በሌላ ስም ነበር።

በ1907 ግሪኒች ቪሌጅ በተባለው የሠዓሊያን ሰፈር ስቱዲዮ ከፈተች። ያኔ የአሜሪካ ሠዓሊ በገዛ አገሩ ገዢ አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ የባለገንዘቡ ዓይን ያለው አውሮፓ ላይ ነው። በ1908 ስምንት ሠዓሊያን ተሰባስበው ኤግዚቢሽን ሲያቀርቡ ከተሸጡት 7 ሥዕሎች 4ቱን የገዛችው ገርትሩድ ናት። ኋላ ደግሞ በ1918 ለሠዓሊያኑ ክበብ አቋቋመችላቸው። ዛሬ ስሙ የገነነው ኤድዋርድ ሆፐር የመጀመሪያ የግል ኤግዚቢሽኑን በ1920 ያሳየው እዚያ ነው። አንድም ሥዕል አልተሸጠለትም።

በ1929 የሰበሰበቻቸው ሥራዎች ከ500 በላይ ደርሰው ነበር። እነዚህን በነጻ ለመስጠት ረዳቷን ጁሊያና ፎርስን ወደ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ላከቻት። ዳይሬክተሩ አልፈልግም አሉ። እንደውም ጁሊያና ከሥዕሎቹ ጋር ገንዘብም እንደሚሰጥ ሳትነግራቸው ወጣች ይባላል። በዚያው ዓመት የተከፈተው ሞማ ደግሞ ይበልጥ የሚያዘነብለው ወደ አውሮፓውያኑ ነበር። ታዲያ ምን ታድርግ? የራሷን ሙዚየም አቋቋመች። ዊትኒ የአሜሪካ ጥበብ ሙዚየም በኅዳር 1931 በምዕራብ 8ኛ ጎዳና ተከፈተ፤ ዳይሬክተሯም ያቺው ጁሊያና ሆነች። ዋሽንግተን ያለው የታይታኒክ መታሰቢያ ሐውልትም የገርትሩድ እጅ ሥራ ነው፤ የተመረቀውም በዚያው ዓመት ነው።

የጋዜጠኝነት ተማሪ ሆኜ ሳየው የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። በ1934 የወንድሟን ልጅ ግሎሪያን ለማሳደግ ከልጅቷ እናት ጋር ፍርድ ቤት ስትቆም ጋዜጦቹ ጉዳዩን ቀን በቀን አራገቡት። ልጅቷን የማሳደግ መብት አገኘች፤ የብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ የቀረው ግን ሙዚየሙ ሳይሆን ችሎቱ ነው።

ገርትሩድ በ1942 በ67 ዓመቷ አረፈች። ሙዚየሙ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ቤት ቀይሯል፤ የመጨረሻው በ2015 ነው። ለቆት የሄደውን የማዲሰን ጎዳና ሕንፃ በ2016 ተከራይቶ ዘመናዊ ጥበብ ያሳየበት ማን መሰላችሁ? ሜትሮፖሊታን። በአዲሱ ቤት ደግሞ በ2021 የአዲስ አበባ ተወላጇ የጁሊ ምሕረቱ ሥዕሎች ለወራት ታይተውበታል።