ኒኮላይ ቫቪሎቭ፦ ለዓለም ዘር ሰብስቦ በረሃብ የሞተው ሳይንቲስት

በጥር 1943 በሩሲያዋ ሳራቶቭ ከተማ እስር ቤት ውስጥ አንድ የ55 ዓመት ሰው ሞተ። የገደለው ረሃብ ነበር። ይህ ሰው ዕድሜውን በአምስት አህጉራት እየዞረ የእህል ዘር የሰበሰበ፣ በዘመኑ በዓለም ትልቁን የዘር ክምችት ያቋቋመ ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ነው። ከመሞቱ 16 ዓመት ቀደም ብሎ በበቅሎ ቅፍለት አገራችንን አቋርጧል። በጅማ፣ በሄርማታና በዙሪያው ባሉ የቡና ከተሞች ለምንኖር ሰዎች ታሪኩ ከምናስበው በላይ ይቀርበናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ትምህርት

ቫቪሎቭ በኅዳር 1887 ሞስኮ ተወለደ። አባቱ ከገበሬ ቤተሰብ ወጥቶ በንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። በ1891 እና 1892 ሩሲያን ከባድ ረሃብ ሲመታት ኒኮላይ ገና ትንሽ ልጅ ነው። ሲያድግ ግብርና አጠና። በ1913 ወደ እንግሊዝ ሄዶ፣ የዘር ውርስን ለሚያጠናው ሳይንስ ጄኔቲክስ የሚለውን ስም ካወጣው ከዊሊያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ።

ዝግመተ ለውጥ የሚለው ቃል ሲነሳ ብዙዎቻችን በቀጥታ ወደ ሰው ልጅ አመጣጥ ክርክር እንሄዳለን። ቫቪሎቭ የደከመው ግን ማንኛውም ገበሬ በማሳው ላይ በሚያየው ነገር ነው። እስቲ አንድ ማሳ ጤፍ እናስብ። ከሩቅ ሲታይ አንድ ዓይነት ይመስላል። ቀረብ ብለን ስናየው ግን ቶሎ የሚደርስ አለ፣ የሚዘገይ አለ፣ ረጅም አለ፣ አጭር አለ። ልዩነቱ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ ነው። ዝናቡ ቶሎ ቢቋረጥ ቶሎ የሚደርሰው ያፈራል፣ የሚዘገየው ይከስማል። ገበሬው ከዚያ ምርት ላይ ለከርሞ ዘር ሲያስቀምጥ በጆንያው ውስጥ ቶሎ የሚደርሰው ድርሻ ከአምናው በዝቷል። በአንድ ሕዝበ ዕፅዋት ውስጥ የዘረመሎች ድርሻ ከትውልድ ትውልድ እንዲህ ሲለዋወጥ ነው ሊቃውንቱ ዝግመተ ለውጥ የሚሉት።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። መጀመሪያውኑ በማሳው ውስጥ ልዩነት ባይኖር፣ ድርቁ ሲመጣ የሚተርፍ አይኖርም ነበር። የቫቪሎቭ ሕይወት የተገነባው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

ዘር ፍለጋ

በ1920 ሳራቶቭ ውስጥ ዋና ግኝቱን አቀረበ። የሚዛመዱ ዕፅዋት ተመሳሳይ የልዩነት ዓይነቶችን ያሳያሉ የሚል ነበር። የዳቦ ስንዴ በዛላው ላይ እንደ ጢም የሚቆም ሹል ያለውም የሌለውም ዓይነት ካለው፣ የመኮሮኒው ዱረም ስንዴም ሁለቱም ዓይነት ሊኖረው ይገባል ማለት ነው። በ1921 ወደ ፔትሮግራድ፣ በኋላ ሌኒንግራድ ወደተባለችው ከተማ፣ ተዛውሮ የዕፅዋት ምርምር ተቋሙን መምራት ጀመረ። ያ ዓመት ደግሞ በቮልጋ አካባቢ ሚሊዮኖች የተራቡበት ነበር።

ኢራንን፣ ፓሚርንና አፍጋኒስታንን ዞረ። በሜዲትራኒያን ዙሪያ ያሉትን አገሮች ሶሪያን፣ ፍልስጤምን፣ አልጄሪያንና ሞሮኮን ጨምሮ አዳረሰ። ከብዙ ጉዞ በኋላ የደረሰበት መደምደሚያ፣ የሰብል ልዩነት በምድር ላይ እኩል አልተበተነም፣ በጥቂት ተራራማ አካባቢዎች ተከማችቷል የሚል ነው። ከእነዚህ ማዕከላት አንዷ ኢትዮጵያ ናት።

በ1927 በጅቡቲ በኩል ገብቶ ድሬዳዋን፣ ሐረርንና አዲስ አበባን አየ። ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት፣ የጉዞ ፈቃድም ሰጡት። ከዚያ በበቅሎ ወደ ሰሜን ተጉዞ በአክሱም በኩል አስመራ ወጣ። በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ብቻ በርካታ የስንዴ ዓይነት ተቀላቅሎ ሲበቅል ማየቱ አስደነቀው። ጢም አልባውን ዱረም ስንዴም ያገኘው እዚሁ አገራችን ነው። ሳያይ የተነበየውን በዓይኑ አየ።

ጅማ ግን አልደረሰም። ሆኖም ከጤፍ፣ ከኑግና ከእንሰት ጋር ቡናን በኢትዮጵያ ማዕከል ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። የኋላ ተመራማሪዎች አንዳንድ ሐሳቡን አርመዋል። ለምሳሌ ስንዴና ገብስ መጀመሪያ የለሙት በመካከለኛው ምሥራቅ ነው፣ እዚህ መጥተው ነው የበዙት። ልዩነት የበዛበት ቦታ ሁልጊዜ የመነሻ ቦታ ላይሆን ይችላል። ልዩነቱ ራሱ ሀብት ነው የሚለው ትምህርቱ ግን እስከ ዛሬ ጸንቷል።

እስርና ሞት

በ1930ዎቹ ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል የግብርና ባለሙያ ተነሳ። ዘረመል የሚባል ነገር የለም፣ ዘርን በብርድ ማለማመድ ይቻላል፣ የለመደውም ለልጆቹ ያወርሳል ይል ነበር። ብርድ ግን ዘርን አያሠለጥንም። ቀድሞውኑ ብርድ የሚችለው ይተርፋል፣ የማይችለው ይጠፋል። ነገሩን ለማረጋገጥ ዓመታት የሚፈጅ ሙከራ ያስፈልጋል። ሊሴንኮ ፈጣን ምርት ቃል ገባ፣ ስታሊንም ደገፈው። ቫቪሎቭ እየተገፋ፣ ባልደረቦቹ እየታሰሩ፣ ከያዘው ንቅንቅ አላለም።

ነሐሴ 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር እየሰበሰበ ሳለ ተያዘ። ግብርናን በማበላሸትና በስለላ ተከሶ በ1941 ሞት ተፈረደበት፣ በኋላም ወደ 20 ዓመት እስራት ተቀየረለት። በሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ ለእስረኞች ስለ ሳይንስ ያስተምር ነበር። የሞተው በጥር 26 ቀን 1943 ነው።

እሱ እስር ቤት ሳለ የጀርመን ጦር ሌኒንግራድን ከበበ። በከተማዋ መቶ ሺዎች በረሃብ አለቁ። በቫቪሎቭ ተቋም ውስጥ ስንዴ፣ ሩዝ፣ አተርና በቆሎ በየከረጢቱ ተቀምጧል። ሠራተኞቹ ዘሩን ከአይጥና ከዘራፊ ጠበቁት እንጂ አልበሉትም። በርካቶች በሥራ ቦታቸው በረሃብ ሞቱ። የሩዝ ክምችት ኃላፊው የሞተው በሺህ በሚቆጠሩ የሩዝ ከረጢቶች መካከል ነው። አማና መጠበቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ ማግኘት ይከብዳል።

የቫቪሎቭ ስም ከክሱ የነጻው በ1955 ነበር።

ታሪኩ ጅማ ሲደርስ

ቡና ከአገራችን ወደ የመን ተሻገረ፣ በዚያም ሱፊዮች ሌሊቱን በዚክር ለማንጋት ይጠጡት ነበር። ከየመን የወጡ ጥቂት ዘሮችና ችግኞች ደግሞ በእስያና በላቲን አሜሪካ ላሉት ሰፋፊ እርሻዎች መነሻ ሆኑ። ከጥቂት ወላጆች የተነሳ ሕዝበ ዕፅዋት የሚይዘው ልዩነት ጠባብ ነው። አረቢካ ቡና በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ጥበቱ እንዳለ ይቀጥላል። በ1869 የቅጠል ዋግ ሴሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ ሲገባ የደሴቲቱን ቡና ጨርሶ ሕዝቡን ወደ ሻይ አዞረው።

በ1971 ተራው የእኛ ሆነ። አረንጓዴውን ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፈው የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ገባ። በጅማ መልኮ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና አካባቢዎች እየዞሩ ጎረቤቶቻቸው ሲያረግፉ ፍሬያቸውን የያዙ ዛፎችን ፈለጉ፣ አገኙም። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች በ1974 ከመቱ አካባቢ ከተመረጡ እናት ዛፎች የመጡ ናቸው። ቁጥሩን ብዙ የጅማ ቡና ገበሬ ዛሬም በቃሉ ያውቀዋል። በሽታውን የሚቋቋሙትን ዛፎች በሽታው አልፈጠራቸውም። ቀድመው እዚያ ነበሩ። የሴሎን ገበሬ ያጣው ይህንን ነው።

ዛሬ ከአጋሮ ብዙ በማይርቀው ጮጬ በሺህ የሚቆጠሩ የቡና ዓይነቶች በመስክ ላይ ተተክለው ይጠበቃሉ። የበለጠ ግን የሚገኘው ገና በጫካው ውስጥ ነው፤ በበለጤ ገራ፣ በያዩ፣ በከፋ። ጫካው ለእርሻ፣ ለጫትና ለባሕር ዛፍ ሲመነጠር ከዛፎቹ ጋር ማንም ስም ያላወጣላቸው የቡና ዓይነቶች አብረው ይሄዳሉ። ቀጣዩ በሽታ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም፣ የሚቋቋመው ዛፍ በየትኛው ሸለቆ እንደቆመም እንዲሁ። የጓሮ ቡናውን ነቅሎ በአንድ ዓይነት ችግኝ ብቻ ሊተካ ያሰበ ገበሬ፣ ከአሮጌዎቹ ጥቂቶቹን በአጥር ዳር ቢተው ለልጆቹ መድን ያስቀምጣል።