ቴክስ ሪተር፣ የካውቦይ ዘፈን ሊቅና የፊልም ተዋናይ

በአሜሪካ የሲኒማ ታሪክ ዘፋኝ ካውቦይ ተብለው ከታወቁት ሰዎች አንዱ ቴክስ ሪተር ነው። ካውቦይ ማለት በፈረስ ተቀምጦ የከብት መንጋ የሚነዳና የሚጠብቅ ሠራተኛ ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 ዓ.ም. ከተፈጸመ በኋላ (የዘመኑ ቍጥር በዚህ ጽሑፍ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው) የቴክሳስ ባለ ከብቶች መንጋቸውን በብዙ ሺህ እያስነዱ የባቡር ሐዲድ እስከሚገኝበት እስከ ካንሳስ ድረስ ይልኩ ነበር። ጕዞው ወራት ይፈጃል፤ ሌሊትም መንጋው ደንብሮ እንዳይበተን ተረኞቹ ጠባቂዎች በፈረስ እየዞሩ በለሆሳስ ያዜሙለት ነበር። ቈይቶ ሐዲዱ ወደ ቴክሳስ ሲዘረጋና ሜዳው በሽቦ ሲታጠር ረጅሙ የከብት ጕዞ ቀረ። ዘፈኑ ግን በሽማግሌዎች አፍ ተረፈ። ሪተር በዚህ ቅርስ የኖረ ሰው ነው፤ ነገር ግን የተማረው ከመንጋ ኋላ ሳይሆን ከመምህራን እግር ሥር ነው።

የተወለደው በጃንዩወሪ 12 ቀን 1905 ዓ.ም. በምሥራቅ ቴክሳስ፣ በፓኖላ አውራጃ፣ መርቮል በምትባል የገጠር ስፍራ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሞሪስ ውድዋርድ ሪተር ነበር። ቤተ ሰቡ ወደ ኔደርላንድ ከተማ ስለ ተዛወረ የወጣትነት ዘመኑን በዚያ አሳለፈ። በ1922 ዓ.ም. ኦስቲን ወደሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሐሳቡ ሕግ አጥንቶ ጠበቃ ለመሆን ነበር። ከሐሳቡ ያወጡት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ጆን ሎማክስ በ1910 ዓ.ም. የካውቦዮችን ዘፈን ከየሰዉ ለቅሞ በመጽሐፍ ያሳተመ ነው። ሁለተኛው ፍራንክ ዶቢ የቴክሳስን ባላገር ተረትና ልማድ የሚያጠና መምህር ነበር። ሦስተኛው ኦስካር ፎክስ ደግሞ እነዚያን ዜማዎች በኖታ እያዘጋጀ የተማሪዎችን የዘፈን ማኅበር ይመራ ነበር።

የእረኛ ዘፈን ለዩኒቨርሲቲ የማይገባ ተራ ነገር ነው የሚሉ ብዙዎች በነበሩበት በዚያ ዘመን ሪተር ግጥሙንና ዜማውን ከነታሪኩ አጠና። ከዚያም በየስፍራው እየዞረ ስለ ቴክሳስ ካውቦይና ስለ ዘፈኑ ንግግር ያደርግ፣ በንግግሩም መካከል ይዘፍን ጀመር። ዜማ ከመምህር የተቀበለ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ድምፁ የራሱ ቢሆንም የሚያሰማው ነገር አደራ ነው። በኋላ ዘመን ያገኘው ዝናና ገንዘብ ብዙ ጊዜ ሲወጣና ሲወርድ ይህ የተማሪነት ዕውቀቱ ግን አልከዳውም።

በ1928 ዓ.ም. በሂውስተን ከተማ ራዲዮ ከዘፈነ በኋላ ወደ ኒውዮርክ ሄደና በአንድ የሙዚቃ ቴአትር ከአጃቢዎቹ ዘፋኞች መካከል ገባ። ሕጉንም ፈጽሞ አልተወም ነበር፤ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሊቀጥል ሞክሮ እንደ ገና ወደ ቴአትሩ ተመለሰ። የቴክሳስ አነጋገሩ ለከተማው ሰው እንግዳ ስለ ነበረ ባልንጀሮቹ ቴክስ አሉት፤ ያ ቅጽል ስም ሞሪስ የሚለውን አስረሳው። በ1931 ዓ.ም. የሊን ሪግስ ድርሰት የሆነው ግሪን ግሮው ዘ ላይላክስ የተባለው ቴአትር በብሮድዌይ ሲታይ ሪተር የካውቦይ ክፍል ተሰጥቶት ዘፈኑን በመድረክ አሰማ። ይህ ድርሰት ከ12 ዓመት በኋላ ኦክላሆማ የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ቴአትር መነሻ ሆኗል። ከዚያ ወዲያ ሪተር በኒውዮርክ ራዲዮ ለትልቁም ለሕፃኑም የካውቦይ ታሪክና ዘፈን ያቀርብ ነበር፤ ድምፁንም በሸክላ አስቀረጸ። አንድም ከብት በማይታይበት ከተማ የከብት ጠባቂ ዘፈን ይህን ያህል ሰሚ ማግኘቱ የሚያስገርም ነው።

በ1935 ዓ.ም. ጂን ኦትሪ የተባለው ዘፋኝ በፊልም ወጥቶ ብዙ ተመልካች ስለ ሳበ ሌሎቹ የፊልም ኩባንያዎች ጊታር የሚመታና ፈረስ የሚጋልብ ሰው ይፈልጉ ጀመር። በዚህ ምክንያት ሪተር በ1936 ዓ.ም. ግራንድ ናሽናል በተባለው አነስተኛ ኩባንያ ተቀጥሮ ወደ ሆሊውድ ሄደ። በመጀመሪያው ፊልሙ ዳኛ ሆኖ የታየው አል ጄኒንግስ በወጣትነቱ ባቡር ዘርፎ የታሰረ ሰው ነበር፤ ሆሊውድ እንዲህ ያለውን ነገር ይወዳል። የሪተር ፈረስ ዋይት ፍላሽ፣ ማለት ነጭ ብልጭታ፣ ይባል ነበር። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ሲዳከም ሪተር በ1938 ዓ.ም. ወደ ሞኖግራም፣ ከዚያም ወደ ኮሎምቢያና ወደ ዩኒቨርሳል ተዛወረ። እስከ 1945 ዓ.ም. ድረስ ከ50 በሚበልጡ ፊልሞች ተጫወተ።

ስለ እነዚህ ፊልሞች እውነቱን መናገር ይሻላል። በጥቂት ገንዘብ፣ በጥቂት ቀን፣ በጥድፊያ የተሠሩ ናቸው። ክፉው ሰው መሬት ይቀማል፤ ጋላቢው ይደርሳል፤ ተኩስ ይሆናል፤ በመካከሉም ዘፈን ይሰማል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታዩት ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ለልጆች ነበር። በኮሎምቢያ ከቢል ኤልየት፣ በዩኒቨርሳል ከጆኒ ማክ ብራውን ጋር ስሙን ሲካፈል ብቻውን የነበረው ክብር ቀነሰ። ከፊልሙ ሥራ ያገኘው የሚበልጠው ሀብት ትዳሩ ነው፤ አብራው በሞኖግራም ፊልሞች የተጫወተችውን ዶሮቲ ፌይን በ1941 ዓ.ም. አገባ። ከልጆቻቸው አንዱ ጆን ሪተር በኋላ በቴሌቪዥን እጅግ የታወቀ አስቂኝ ተዋናይ ሆነ፤ እርሱም በ2003 ዓ.ም. ዐረፈ።

የፊልሙ ገበያ ሲቀዘቅዝ ድምፁ መንገድ ከፈተለት። ካፒቶል የተባለው የሸክላ ኩባንያ በ1942 ዓ.ም. ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ ዘፋኞች አንዱ ሪተር ነበር፤ በ1945 ዓ.ም. ከሸክላዎቹ አንዱ በባላገር ዘፈን ዝርዝር አንደኛ ሆኖ 11 ሳምንት ቈየ። ትልቁ ዕድል የመጣው ግን በ1952 ዓ.ም. ነው። ሃይ ኑን፣ ማለት ቀትር፣ የተባለው ፊልም በዚያ ዓመት ወጣ። ታሪኩ በሠርጉ ቀን በቀትር ባቡር የሚመጣ ጠላቱን ብቻውን ስለሚጠብቅ ሕግ አስከባሪ ነው። ዲሚትሪ ቲዮምኪን ዜማውን፣ ኔድ ዋሽንግተን ግጥሙን የደረሱት ዘፈን ከፊልሙ መጀመሪያ አንሥቶ እንደ ተራኪ እየተመላለሰ ይሰማል። ዘፋኙ ሪተር ነው። ፊቱ ግን በፊልሙ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አይታይም። ጋላቢ ሆኖ ፊቱን ካሳየባቸው ከ50 የሚበልጡ ፊልሞች አንዱም ይህን ያህል ስም አላስገኘለትም። በገበያ በኩል የፍራንኪ ሌን ሸክላ ከእርሱ ሸክላ ይልቅ ተሸጠ፤ የፊልሙ ድምፅ ግን የሪተር ነው። በማርች 1953 ዓ.ም. የኦስካር ሽልማት በዓል ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ዘፈኑን ያሰማው እርሱ ሲሆን፣ ዘፈኑም በዚያው ሌሊት ተሸለመ።

ከዚህ በኋላ በካሊፎርኒያ ታውን ሆል ፓርቲ በተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ለዓመታት ታየ። የባላገር ሙዚቃ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ሠራ፤ በ1964 ዓ.ም. ስሙ ከባላገር ሙዚቃ ታላላቆች መዝገብ ገባ። በማግሥቱ ዓመት ወደ ናሽቪል፣ ቴኔሲ፣ ተዛውሮ ግራንድ ኦል ኦፕሪ ከሚባለው ዝነኛ የራዲዮ ዝግጅት ጋር ተባበረ።

በ1970 ዓ.ም. ከዚህ ሁሉ የራቀ ነገር ሞከረ። ለአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባልነት በሪፐብሊካን ፓርቲ የቅድሚያ ምርጫ በቴኔሲ ተወዳደረ። ሕዝቡ ድምፁን ለዘፈን ቢወደውም መራጩ ዊልያም ብሮክን መረጠ፤ ብሮክም በኅዳሩ ምርጫ አሸነፈ። ሪተር ከውድድሩ የወጣው ከባድ ዕዳ ተሸክሞ ነው። ሰው በሚያርፍበት ዕድሜ፣ በ65 ዓመቱ፣ ዕዳውን ለመክፈል እንደ ገና ጊታሩን ይዞ ከባልንጀሮቹ ሙዚቀኞች ጋር በየከተማው ለመዞር ተገደደ።

በጃንዩወሪ 2 ቀን 1974 ዓ.ም. ከእነዚያ ሙዚቀኞች አንዱ በናሽቪል ታስሮ ስለ ነበር ሪተር በዋስ ሊያስፈታው ወደ እስር ቤቱ ሄደ። ጕዳዩን ሲያስፈጽም በድንገት ልቡን ታምሞ ወደቀ፤ በዚያው ቀንም ዐረፈ። ስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው የቀረው ዐሥር ቀን ነበር። አስከሬኑ ወደ ቴክሳስ ተወስዶ፣ ካደገባት ከኔደርላንድ አጠገብ፣ በፖርት ኔቸስ ተቀበረ።