የሁለት ኖቤሎች ባለቤትና የቫይታሚን ሲ እንክብል

በናይሮቢ ፋርማሲዎች 1,000 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ የያዘ እንክብል ማግኘት አያስቸግርም። ቫይታሚኑ የሰውነት ሕዋሳትን ከጉዳት ይጠብቃሉ ከሚባሉት አንቲኦክሲደንቶች አንዱ ነው። በብዛት መውሰዱን ከማንም በላይ ያስፋፉት አሜሪካዊው ኬሚስት ሊነስ ፖሊንግ ናቸው።

ፖሊንግ እ.አ.አ. በ1901 በፖርትላንድ፣ ኦሪገን ተወለዱ። መድኃኒት ቀማሚ አባታቸውን ያጡት በ9 ዓመታቸው ነበር። የ1954ቱን የኬሚስትሪ ኖቤል፣ ኋላም የኑክሌር ሙከራን በመቃወማቸው የ1962ቱን የሰላም ኖቤል አገኙ። ሁለት ኖቤል ከማንም ሳይጋራ የተሸለመ ሌላ ሰው የለም።

በ1966 አንድ ባዮኬሚስት በቀን 3 ግራም ቫይታሚን ሲ እንዲወስዱ በደብዳቤ መከሯቸው። ሞከሩት፤ ጉንፋን እንደራቃቸውም አመኑ። በ1970 ስለዚሁ ያሳተሙት መጽሐፍ ገበያውን አደራው። ብዙ አንባቢ የተማመነው፣ እንደሚመስለኝ፣ በማስረጃው ሳይሆን በሽልማቱ ነው። እሳቸው ግን መጠኑን በቀን እስከ 18 ግራም አደረሱት፤ ለካንሰርም ይበጃል አሉ። የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች በ10 ግራም ሁለት ጊዜ ፈትነው ጥቅም አላገኙበትም። ፖሊንግ የጥናቱን አካሄድ ነቀፉ እንጂ ሐሳባቸውን አልለወጡም።

ባለቤታቸው በ1981 በጨጓራ ካንሰር ሞቱ። እሳቸው ነሐሴ 1994 በፕሮስቴት ካንሰር አረፉ፤ ዕድሜያቸው 93 ስለነበር አሟሟታቸው ክርክሩን ለሁለቱም ወገን አይፈታም። ከአራት ወራት አስቀድሞ ግን ከ29,000 በላይ አጫሾች የተሳተፉበት የፊንላንድ ጥናት ወጥቶ ነበር፦ ሌላውን አንቲኦክሲደንት፣ ቤታ ካሮቲንን፣ በእንክብል የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የመያዝ መጠናቸው በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ።

የአሜሪካ መመሪያ ለአዋቂ ሴት በቀን 75፣ ለወንድ 90 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ይመክራል፤ ይህም ከአንድ ብርቱካን ብዙም አይርቅም። ጣሪያው 2 ግራም ነው፤ ከዚያ ያለፈ ተቅማጥ ያስከትላል።