የአየር ፍሬን ፈልሳፊ ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ

መኪና ማስኬድ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ የማቆምን ጥበብ ጠንቅቆ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በአራዳ ጊዮርጊስ አደባባይ ከዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት አጠገብ ቆሞ ወደ ደቡብ የተመለከተ ሁሉ፣ መሬቱ ወደ ለገሐር እየወረደ መሄዱን ያያል። ከፒያሳ ወደ ራስ መኰንን ድልድይም መንገዱ ቍልቍለት ነው። ከተማችን በእንጦጦ ግርጌ የተቈረቈረች ስለ ሆነች፣ በውስጧ ጭነት ይዞ የሚነዳ ሰው ከመሮጥ ይልቅ መቆምን መማር ይገባዋል። ስለዚህ በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ፣ ከባድ ነገር በአየር ኃይል እንዲቆም ያደረገውን የጆርጅ ዌስቲንግሃውስን ሕይወት በአጭሩ ማቅረብ መልካም መስሎ ታየን። ስለ ውጭ አገር በምንናገርበት ጊዜ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ዌስቲንግሃውስ የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1844 ሲወለዱ፣ እርሱ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1846 በጥቅምት ወር በአሜሪካ አገር በኒውዮርክ ክፍል ተወለደ። ንጉሠ ነገሥቱ በታኅሣሥ 1913 ሲያርፉ፣ እርሱም ከሦስት ወር በኋላ ሞተ። ሁለቱ ባይተዋወቁም፣ ዘመናቸው ግን ባቡርና ኤሌክትሪክ ዓለምን የለወጡበት አንድ ዘመን ነበረ።

አባቱ የእርሻ መሣሪያ የሚሠራበት ፋብሪካ ስለ ነበረው፣ ልጁ ያደገው በብረትና በእሳት መካከል ነው። በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ገና ወጣት ሳለ በወታደርነት አገለገለ፤ ኋላም በባሕር ኃይል ውስጥ የሞተር ሠራተኛ ሆነ። ጦርነቱ ሲያልቅ ኮሌጅ ገባ፤ ነገር ግን ልቡ ከአባቱ ፋብሪካ አልወጣምና ከሦስት ወር በኋላ ትምህርቱን ትቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። በዚያው በ1865፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ለመጀመሪያ ፈጠራው የባለቤትነት መብት ከመንግሥት ተሰጠው።

በዚያን ዘመን ባቡርን ማቆም አስጨናቂ ሥራ ነበር። ነጂው አደጋ ባየ ጊዜ ፊሽካ ያሰማል፤ ፊሽካውንም የሰሙ ሠራተኞች ከአንዱ ፉርጎ ጣራ ወደ ሌላው እየዘለሉ የየፉርጎውን ፍሬን በእጃቸው ያጠብቃሉ። ዝናብና በረዶ በሚሆንበት ጊዜ ከጣራ ወድቆ የሚሞተው ሠራተኛ ብዙ ነበር። ዌስቲንግሃውስ በወጣትነቱ ሁለት የጭነት ባቡሮች ፊት ለፊት የተጋጩበትን ስፍራ ተመለከተ። ነጂዎቹ ቀን በቀን፣ ሜዳ ላይ፣ እርስ በርሳቸው እየተያዩ ነበር የተጋጩት፤ ለማቆም ግን ጊዜ አልበቃቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጂው ራሱ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ ፉርጎዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊያቆም የሚችልበትን ዘዴ ይፈልግ ጀመር።

በመጀመሪያ ሰንሰለት፣ ቀጥሎም እንፋሎት አሰበ፤ ሁለቱም አላረኩትም። በመጨረሻ በፈረንሳይና በኢጣልያ መካከል ስለሚፈለፈለው ታላቅ ዋሻ በአንድ መጽሔት ላይ አነበበ። በዚያ ሠራተኞቹ ዓለቱን የሚበሱት የታመቀ አየር በረጅም ቧንቧ ወደ ተራራው ውስጥ እየላኩ ነበር። አየር ተራራ የሚበሳ ከሆነ ባቡር ማቆም እንዴት ያቅተዋል ብሎ አሰበ። እንደሚነገረው፣ ባቡርን የሚያህል ነገር በንፋስ ይቆማል መባሉን እንደ ቀልድ የቈጠሩ ባለሀብቶች ነበሩ። እርሱ ግን በ1869 የአየር ፍሬኑን በስሙ አስመዝግቦ በፒትስበርግ ከተማ ኩባንያ አቋቋመ። በመጀመሪያው የሙከራ ጕዞ ላይ አንድ የፈረስ ጋሪ በሐዲዱ ላይ ቢደነቀር፣ ነጂው አየሩን ለቀቀና ባቡሩ ጋሪው ዘንድ ሳይደርስ ቆመ ይባላል።

አንባቢ ሆይ፣ የዚህ ሰው ታላቅነት የሚታየው ከዚህ በኋላ ባደረገው ነገር ነው። የመጀመሪያው ፍሬን የሚሠራው አየር ወደ ቧንቧው ሲላክ ነበር። ታዲያ ቧንቧው ቢበጠስስ? ፉርጎዎቹ ከባቡሩ ተቈርጠው ቍልቍለት ቢሮጡስ? አየር የለምና ፍሬንም የለም። ዌስቲንግሃውስ በሚሸጥና በሚመሰገን ዕቃ አልረካም፤ የራሱን ሥራ ገለበጠው። በ1872 ባስመዘገበው አዲስ ፍሬን ለያንዳንዱ ፉርጎ የአየር መያዣ በርሜልና ልዩ ቫልቭ ሰጠ። ቧንቧው በአየር ተሞልቶ ሳለ ፍሬኑ ይለቃል፤ አየሩ ሲቀንስ ወይም ቧንቧው ሲበጠስ ግን ፉርጎው በራሱ በርሜል ውስጥ ባለው አየር ያለማንም ትእዛዝ ፍሬን ይይዛል። እንዲህ ሆኖ ብልሽቱ ራሱ አዳኝ ሆነ።

ከዚያም በኋላ ፈተና ገጠመው። በ1886ና በ1887 አምሳ ፉርጎ በሚጐትቱ የጭነት ባቡሮች ላይ ሙከራ በተደረገ ጊዜ፣ የፊተኞቹ ፉርጎዎች ሲይዙ የኋለኞቹ ገና ስላልያዙ በኃይል ይጋጩ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቈርጥ ነበር፤ እርሱ ግን በዚያው ዓመት ቫልቩን አሻሽሎ የአየሩ መልእክት በፍጥነት እስከ መጨረሻው ፉርጎ እንዲደርስ አደረገ። በ1893 የአሜሪካ መንግሥት ባቡሮች በእንዲህ ያለ ፍሬን እንዲሠሩ በሕግ አዘዘ።

እርሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1920ዎቹ፣ የአየር ፍሬን ከሐዲድ ወደ መንገድ ወርዶ በጭነት መኪና ላይ ተገጠመ። በእኛም አገር ነጂዎች የንፋስ ፍሬን ይሉታል። ፍሬን የሚለውም ቃል ፒያሳ ከሚለው ስም ጋራ ከአንድ ምንጭ፣ ከኢጣልያንኛ፣ የመጣ ነው። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚማር ሰው ሁሉ አሠራሩን ማወቅ ስለሚገባው በአጭሩ እንገልጻለን።

በሞተሩ ኃይል የሚሠራ ኮምፕረሰር አየሩን እያመቀ በበርሜሎች ውስጥ ያጠራቅማል፤ መጠኑም ብዙውን ጊዜ ወደ 7 ወይም 8 ባር ይደርሳል። ነጂው የእግር ፍሬኑን ሲረግጥ አየሩ በቱቦ ሄዶ በየጎማው ዘንድ ያለውን ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉም የፍሬን ሸራውን ከጎማው ጋራ ከሚዞረው ታምቡር ላይ ያጣብቀዋል። በእጅ ፍሬኑ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በዚያ የሚይዘው ብርቱ ሞላ ነው፤ አየሩም ሞላውን ጨምቆ ይከለክለዋል። ነጂው መኪናውን ሲያቆም የምንሰማው እንደ ትንፋሽ ያለ ድምፅ፣ አየሩ ወጥቶ ሞላው የሚለቀቅበት ነው። የተሳቢውም ዋና ቱቦ ቢበጠስ ተሳቢው በራሱ ፍሬን ይይዛል። የ1872ቱ አሳብ በዚህ ሁሉ ውስጥ ሕያው ሆኖ ይኖራል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው የሰውን ማስተዋል አይተካም። ነጂው ከመነሣቱ በፊት የአየር መለኪያውን ሳያይ ንቅንቅ ማለት የለበትም፤ በበርሜሉ ውስጥ የሚጠራቀመውንም ውኃ ዘወትር ማፍሰስ ይገባዋል። አየር በቱቦ እስኪደርስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚህች ጊዜ ከ8 ሜትር በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ርቀት መጠበቅ ግድ ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ፣ ወይም ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቍልቍል ወደ ዓባይ ድልድይ ሲሄድ፣ ገና ከአፋፉ ላይ ከባድ ማርሽ አስገብቶ መውረድ ነው እንጂ በእግር ፍሬኑ ብቻ መታመን አይገባም። ሸራው በጣም ከጋለ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል፤ ያን ጊዜ በርሜሉ በአየር ቢሞላም አይጠቅምም። መኪናው በዳገት ሲቆምም ረዳቱ ታኮ ማድረጉን አይርሳ።

ወደ ዌስቲንግሃውስ እንመለስ። በፍሬን ብቻ አልተወሰነም። ኒኮላ ቴስላ የተባለው ሊቅ የፈለሰፈውን መብት በ1888 ገዝቶ፣ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ ሩቅ አገር የሚላክበትን ሥራ አስፋፋ፤ በ1896 የናያግራ ፏፏቴ ኃይል በርቀት ላለችው ለቡፋሎ ከተማ ደረሰ። ለሠራተኞቹም አሳቢ ነበር፤ በ1871 ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሥራ እንዲፈቱ አደረገ፤ ይህም በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነገር ነበር። በ1907 በአገሩ የገንዘብ ችግር በተነሣ ጊዜ ግን ያቋቋመው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ከእጁ ወጣ። በመጋቢት 1914 ሲሞት 361 የፈጠራ መብቶች ነበሩት፤ በወጣትነቱ ወታደር ስለ ነበረም በአርሊንግተን የወታደሮች መቃብር ተቀበረ።

ከዚህ ሰው ሕይወት ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀረው ትምህርት ይህ ነው። ሥራው ተወዶለት ሳለ፣ ቢበላሽ ሰው ምን ይሆናል ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ መልሱንም እስኪያገኝ ድረስ አላረፈም። ነገ ከእኛ መካከል መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ መምህር ወይም ነጂ የሚሆን ይኖራል። ሁላችንም የሰው ሕይወት በእጃችን ይገባልና፣ ሥራችን ሲሠራ ብቻ ሳይሆን ሲሰበርም ሰውን የማይጐዳ እንዲሆን አስቀድመን እናስብበት። ከባድ መኪና የሚነዱ ወላጆቻችንንም ከቍልቍለቱ ሁሉ በደኅና ወደ ቤታቸው ያግባልን።