የቄስ ዊልያም ሞምፐሰን ታሪክ

በእንግሊዝ አገር በዳርቢሽር አውራጃ ኢም የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በ1664 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ዊልያም ሞምፐሰን የሚባል ወጣት ቄስ ለመንደሪቱ ቤተ ክርስቲያን ተሾመ። ሕዝቡ ግን በመጀመሪያ በደስታ አልተቀበለውም። አስቀድሞ ያገለግል የነበረው ቶማስ ስታንሊ፥ መንግሥት ያዘዘውን ሥርዓተ ጸሎት አልቀበልም ስላለ ከሥራው ወጥቶ ነበርና፥ የብዙዎቹ ልብ ከስታንሊ ጋራ ነበረ።

በ1665 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር ከሎንዶን ለአንድ ልብስ ሰፊ የጨርቅ እሽግ መጣለት። በጨርቁም ውስጥ ቸነፈር የሚያስተላልፍ ቍንጫ እንደ ነበረበት ይነገራል። እሽጉን የፈታው ሠራተኛ በጥቂት ቀን ውስጥ ሞተ፤ ከዚያም ሞት ከቤት ወደ ቤት ተሻገረ። በማግሥቱ ዓመት ሙቀት ሲበረታ በሽታው እጅግ ጸና፤ ሰዎችም ለመሸሽ አሰቡ።

ሞምፐሰን ግን፥ ሕዝቡ ቢሸሽ ቸነፈሩን በአገሩ ሁሉ እንደሚዘራው አስተዋለ። ቃሉን ብቻ ሰምተው እንደማይታዘዙም ስላወቀ፥ ራሱን ዝቅ አድርጎ የስታንሊን ርዳታ ለመነ። ሁለቱም ልዩነታቸውን ወደ ኋላ ትተው በሕዝቡ ፊት በአንድነት ቆሙ። ሕዝቡም፥ ማንም ከመንደሩ ወሰን እንዳይወጣ፥ እያንዳንዱ ቤተሰብ ሙቱን በራሱ ቦታ እንዲቀብር፥ ሰውም በአንድ ቤት እንዳይተፋፈግ ቤተ ክርስቲያኑ እንዲዘጋ ተስማማ። የዴቮንሺር ኧርልም ምግብ ይልክላቸው ነበረ። የጎረቤት ሰዎች እህሉን በወሰኑ ላይ አኑረው ይሄዱ ነበረ፤ የመንደሩ ሰዎችም ዋጋውን ሆምጣጤ ባለበት በተፈለፈለ ድንጋይ ውስጥ ያስቀምጡላቸው ነበረ።

የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቢዘጋም አምልኮ አልቀረም። በመንደሩ አጠገብ ባለው ሸለቆ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከሌላው ራቅ ብሎ በሣር ላይ ይቆም ነበረ፤ ቄሱም በዚያ ይጸልይና ያስተምር ነበረ። ትናንት አብሮ የጸለየ ዛሬ ይታጣል፤ የቀሩት ግን ጸሎታቸውንም ቃል ኪዳናቸውንም አልተዉም። አንዲት እናት በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን በገዛ እጇ ቀበረች።

ሞምፐሰንም ከኀዘኑ ድርሻውን ተቀበለ። ልጆቹን ወደ ሌላ ስፍራ ሰዶ ነበረ፤ ሚስቱ ካትሪን ግን ከእሱ አልለይም ብላ ቀረች፤ በ1666 ዓ.ም. በኦገስት ወርም በዚያው በሽታ ሞተች። እሱም ቀብሯት ወደ በሽተኞቹ ተመለሰ። በኖቬምበር ወር ቸነፈሩ ሲቆም፥ የሞቱት 260 ያህል ነበሩ። በዙሪያው ያሉት መንደሮች ግን ዳኑ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ኢክሪንግ ወደሚባል ደብር ተዛወረ። በዚያ ያሉት ሰዎች በሽታውን ያመጣብናል ብለው ፈርተው በመጀመሪያ እንደ ራቁት ይነገራል፤ እሱ ግን ፍርሃታቸው እስኪያልፍ በትዕግሥት ቈየ። በ1709 ዓ.ም. ዐረፈ። የኢም ሰዎችም በኦገስት ወር መጨረሻ እሑድ በዚያው ሸለቆ ተሰብስበው በጸሎት ያስቡታል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ልብ አድርግ። ቤተ ክርስቲያን ማለት ግንቡና ጣራው ብቻ አይደለም፤ ስለ ባልንጀራው ሲል መከራን የሚታገሥ ምእመን ነው። መልካም እረኛም የሚታወቀው በጥጋብ ቀን ሳይሆን፥ መንጋው በሚጨነቅበት ቀን ነው።