አሥራት ወልደየስ

ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ (ሰኔ 1920 ዓ.ም. – ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም፣ የሕክምና መምህርና የፖለቲካ መሪ ነበሩ። በውጭ አገር በቀዶ ሕክምና ሠልጥነው ወደ አገራቸው ከተመለሱት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ምሥረታ ተሳትፈዋል፤ ፋኩልቲውንም በዲንነት መርተዋል። የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት (መአሕድ) የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ደብረ ብርሃን ላይ ባደረጉት ንግግር ከተከሰሱባቸው ጉዳዮች በአንዱ የእስራት ፍርድ የተፈረደባቸው ሲሆን፣ በእስር ላይ ታመው ለሕክምና በሄዱበት በአሜሪካ አርፈዋል። ዛሬ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ግቢ በስማቸው ይጠራል።

ልጅነትና ትምህርት

አሥራት የተወለዱት በአዲስ አበባ ከተማ ነው። ገና ሕፃን ሳሉ ቤተሰባቸው ወደ ድሬዳዋ ተዛወረ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የመግደል ሙከራ ከተደረገ በኋላ ፋሺስቶች በሕዝቡ ላይ በወሰዱት የበቀል እርምጃ አባታቸው አቶ ወልደየስ አልታዬ ተገደሉ። አያታቸውም ታስረው ወደ ኢጣሊያ ተጋዙ። እናታቸው ከዚህ ሐዘን በኋላ ብዙ ሳይቆዩ ስላረፉ አሥራት በልጅነታቸው ወላጆቻቸውን አጡ።

ከነጻነት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በአዳሪነት ገቡ። በትምህርታቸው ብልጫ ስላሳዩ ግብጽ፣ እስክንድርያ ወደሚገኘው ቪክቶሪያ ኮሌጅ ተላኩ። ከዚያም በስኮትላንድ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንተው ተመረቁ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በጠቅላላ ሐኪምነት ለጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላ በድጋሚ ወደ ኤድንብራ ሄደው በቀዶ ሕክምና ስፔሻላይዝ አደረጉ፤ የኤድንብራ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅም ፌሎው ሆኑ።

የዘመኑ የሕክምና ሁኔታ

ዘመናዊ ሕክምና በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ በውጭ አገር ሰዎች እጅ የነበረ ሙያ ነው። ለዚህ ሰሜን ሸዋ ራሱ ምስክር ነው። በ1830ዎቹ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ከመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ጋር ሐኪም ነበረ። በኋላም በንጉሥ ምኒልክ ጊዜ የኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር በአንኮበር አቅራቢያ በልጥ ማረፊያ ባቋቋመው ጣቢያ እንደ ራጋዚና ትራቨርሲ ያሉ ሐኪሞች ተቀምጠው ነበር። እነዚህ ሐኪሞች ሲሄዱ ሙያቸውም አብሯቸው ሄደ፤ በአካባቢው የተተካ ሠልጣኝ አልነበረም።

ከ100 ዓመት በኋላም ችግሩ አልተፈታም ነበር። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የሚሠሩት ሐኪሞች አብዛኞቹ የውጭ አገር ዜጎች ነበሩ። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን ለጠቅላይ ግዛቶች ማሠልጠን ጀመረ። ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ግን ወደ ቤይሩት፣ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ ሰሜን አሜሪካ መሄድ ነበረበት።

ሐኪምና መምህር

አሥራት ወደ ኢትዮጵያ ከተመለሱ በኋላ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በቀዶ ሐኪምነት ሠሩ። ሆስፒታሉ በእንግሊዝ አገር በነርስነት ሠልጥነው በ1934 ዓ.ም. ባረፉት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ስም የተሰየመ ነው።

በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሕክምና ፋኩልቲ ሲከፈት አሥራት በምሥረታው ተካፈሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙዎቹ መምህራን የውጭ አገር ሰዎች ስለነበሩ በቀዶ ሕክምና የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ መገኘቱ ለተማሪዎቹ ትልቅ ትርጉም ነበረው። ከበሽተኛው ጋር በቋንቋው የሚነጋገር፣ በአገሩ ያሉትን በሽታዎች የሚያውቅና ነገ ትቶ የማይሄድ መምህር አገኙ። አሥራት ቆይተው የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰርና የፋኩልቲው ዲን ሆኑ።

የቀዶ ሕክምና ትምህርት በአብዛኛው በክፍል ውስጥ የሚሰጥ አይደለም። ተማሪው፣ ኢንተርኑና ሬዚደንቱ ከመምህሩ ጋር በየአልጋው እየዞሩ የበሽተኛውን ታሪክ ያቀርባሉ፤ መምህሩ ይመረምራል፣ ይጠይቃል፣ ያርማል። በቀዶ ሕክምና ክፍል ደግሞ ጀማሪው መጀመሪያ ያያል፣ ከዚያ ይረዳል፣ በመጨረሻም ልምድ ያለው ሐኪም አጠገቡ ቆሞ ራሱ ይሠራል። ስለዚህ በማስተማሪያ ሆስፒታል የበሽተኛው ደኅንነትና የወጣቱ ሐኪም ዕድገት የሚመኩት በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ኃላፊው ሐኪም በቦታው ይገኛል ወይስ አይገኝም የሚለው ነው።

የሁለተኛ ዲግሪና የስፔሻሊቲ ትምህርት

ፋኩልቲው ጠቅላላ ሐኪሞችን ማስመረቅ ከጀመረ በኋላም ስፔሻሊስት ለመሆን ወደ ውጭ መሄድ ግድ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ለዚህ ዓላማ ከተላኩት ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ። የአንድ ቀዶ ሐኪም አለመመለስ ለሆስፒታሉ ብዙ ጉዳት ነበረው። የሚያክመው ከመጥፋቱም በላይ ጀማሪዎቹን የሚያሠለጥን፣ ሌሊት ለምክር የሚጠራ ሰው ይጠፋል፤ የቀሩትም ሥራ እየበዛባቸው እነሱም ለመሄድ ያስባሉ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፋኩልቲው የቀዶ ሕክምናን ጨምሮ የስፔሻሊቲ ትምህርት በአገር ውስጥ መስጠት ጀመረ። ዋናው ማስተማሪያ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሆነ። አሥራት የዚህ ሥራ ግንባር ቀደም መሪ ከነበሩት አንዱ ናቸው። በአገር ውስጥ የሠለጠኑት ሐኪሞች በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች መመደብ ሲጀምሩ፣ ቀደም ሲል ወደ አዲስ አበባ ካልተላኩ በቀር ተስፋ ያልነበራቸው ሕመምተኞች በአቅራቢያቸው ቀዶ ሕክምና ማግኘት ቻሉ።

የንጉሠ ነገሥቱ ሕክምና

አሥራት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐኪም ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ በኋላ በእስር ላይ ሳሉ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበር። ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሲያርፉ ደርግ የሞታቸውን ምክንያት ከዚሁ ሕክምና ጋር በተያያዘ ሕመም እንደሆነ አስታወቀ። አሥራት ከቀዶ ሕክምናው የመጣ ችግር አልነበረም በማለት የመንግሥቱን መግለጫ አልተቀበሉም። በኋላ በአገሪቱ የተገለጠው ማስረጃ ንጉሠ ነገሥቱ መገደላቸውን አመልክቷል።

ወደ ፖለቲካ መግባትና ከዩኒቨርሲቲ መሰናበት

ኢሕአዴግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በሰኔ 1983 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ በተደረገው የሽግግር ጉባኤ አሥራት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ወክለው ተገኙ። ጉባኤው የኤርትራን መገንጠል በሚመለከት የያዘውን አቋም በግልጽ ተቃወሙ። በ1984 ዓ.ም. መአሕድ ሲመሠረት ፕሬዚዳንቱ ሆኑ።

በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. መጨረሻ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰልፍ በኃይል ከተበተነ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ከ40 በላይ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ። አሥራት ከነዚህ አንዱ ነበሩ። በዚህም በምሥረታው ከተካፈሉበት ፋኩልቲ ተለዩ። ከመምህራኑ ጋር የብዙ ዓመት ልምድ በአንድ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው ወጣ።

የደብረ ብርሃኑ ንግግርና እስር

በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. አሥራት በደብረ ብርሃን በተደረገ ሕዝባዊ ስብሰባ ላይ ንግግር አድርገው ነበር። መንግሥት ንግግሩን ሕዝብን ለአመፅ የሚያነሣሣ ነው ሲል ከሰሳቸው፤ እሳቸውና ደጋፊዎቻቸው ደግሞ ሰላማዊ የፖለቲካ ንግግር መሆኑን ተከራከሩ። በሰኔ 1986 ዓ.ም. በሌላ ስብሰባ የትጥቅ ትግል አቅደዋል በሚል ክስ 2 ዓመት ተፈረደባቸው። በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ደግሞ በደብረ ብርሃኑ ንግግር ተጨማሪ 3 ዓመት እስራት ተወሰነባቸው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የኅሊና እስረኛ ብሎ እንዲፈቱ ጠየቀ።

በእስር ሳሉ የልብ ሕመም ጸናባቸው፤ ዓይናቸውም ተጎዳ። በ1990 ዓ.ም. ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። ለልብ ሕመማቸው የሚያስፈልገው ከፍተኛ ሕክምና ግን በዚያን ጊዜ በአገር ውስጥ አይሰጥም ነበር። በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ተለቀው በመጀመሪያ ወደ እስራኤል፣ ቀጥሎም ወደ አሜሪካ ተወሰዱ። ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ከተማ በ70 ዓመታቸው አረፉ። አስከሬናቸው ወደ አገራቸው ተመልሶ ብዙ ሕዝብ በተገኘበት በአዲስ አበባ ተቀበረ።

መታሰቢያ

የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተማሪዎችን መቀበል ጀመረ። የጤና ትምህርት የሚሰጥበት ግቢም አሥራት ወልደየስ የጤና ሳይንስ ግቢ ተብሎ ተሰየመ። በግቢው ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ አዋላጆችና የሕብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች ይሠለጥናሉ።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ አንኮበር ደግሞ ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራ ላይ ትገኛለች። ምጥ ለጠናባት የአንኮበር እናት ወይም አንጀቱ ለታጠፈ ገበሬ ቀዶ ሕክምናው በደብረ ብርሃን መኖሩና አለመኖሩ የሕይወትና የሞት ልዩነት ሊሆን ይችላል። አሥራት ሙያቸውን የሰጡለት ሐኪምን በአገር ውስጥ የማሠልጠን ሥራ፣ የተፈረደባቸውን ንግግር ባደረጉበት ከተማ በስማቸው በተጠራው ግቢ ይቀጥላል።