ባሩድና በቆሎ፦ የዶክተር ሐይም ቫይጽማን የሕይወት ታሪክ

 ዛሬ ታሪካቸውን የምናወጋችሁ ሰው ስማቸው ለማናችንም እንግዳ አይደለም። በብዙ የእስራኤል ከተሞች በስማቸው የሚጠራ ጎዳና አለ። በሬሖቮት የሚገኘው ታላቁ የሳይንስ ተቋምም በእሳቸው ስም ይጠራል። የመጀመሪያው የእስራኤል ፕሬዚዳንት ዶክተር ሐይም ቫይጽማን ናቸው። ፕሬዚዳንት እንደነበሩ ትልቁም ትንሹም ያውቃል። ከዚያ በፊት ግን የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ ባለ ሥልጣናት ዘንድ ስማቸውን ካስጠሩት ነገሮች አንዱ ደግሞ የጥይት ባሩድ ነው። ከባሩድና ከበቆሎ ምን አገናኛቸው? ይህን ነው የምንነግራችሁ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቫይጽማን የተወለዱት ኖቬምበር 27 ቀን 1874 ነው። የትውልድ መንደራቸው ሞታል በፒንስክ ከተማ አጠገብ ትገኛለች፤ ያኔ በሩሲያ ግዛት ሥር ነበረች፣ ዛሬ ቤላሩስ ውስጥ ናት። አባታቸው የእንጨት ነጋዴ ነበሩ። በቤቱ ከተወለዱት 15 ልጆች 12ቱ አደጉ። ሐይም በ11 ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ፒንስክ ተላኩ። በዚያ ዘመን በሩሲያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገቡ የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር በሕግ የተገደበ ስለነበር፣ በ1892 ወደ ጀርመን ሄዱ። መጀመሪያ በዳርምሽታት፣ ቀጥሎም በበርሊን ተማሩ።

እዚህ ላይ የክርያት ሞጽኪን ሰዎች ጆሯችሁን ስጡን። በበርሊን ከሩሲያ የመጡ አይሁድ ተማሪዎች ያቋቋሙት አንድ ማኅበር ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ ከኪየቭ አጠገብ የመጣ ሌዎ ሞጽኪን የሚባል የሒሳብ ተማሪ ነው። ወጣቱ ቫይጽማን ከዚህ ማኅበር ገቡ። በ1901ም ሁለቱ በጽዮናዊው ጉባኤ ውስጥ በአንድ ወገን ተሰልፈው ታገሉ፤ ትግሉ ከፖለቲካው ጎን ለትምህርትና ለባህልም ቦታ ይሰጥ ዘንድ ነው። ሞጽኪን በ1933 አረፉ። በማግስቱ ዓመት በ1934 የተመሠረተችው ከተማችን በስማቸው ተጠራች። ስለዚህ የቫይጽማንን ታሪክ ስናነሳ የከተማችንንም ስም ታሪክ ማንሳታችን ነው።

ቫይጽማን በ1899 በስዊዘርላንድ በፍሪቡርግ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ፤ ከዚያም በጄኔቫ አስተማሩ። በ1903 የእንግሊዝ መንግሥት ለአይሁድ ሕዝብ በምሥራቅ አፍሪካ መሬት ለመስጠት ሐሳብ ባቀረበ ጊዜ፣ ከተቃወሙት ወገን ቆሙ። በ1904 ወደ እንግሊዝ ተሻግረው በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመሩ። ቋንቋውን ገና በደንብ የማይችሉ፣ አገሩም የማያውቃቸው ስደተኛ ነበሩ። በ1906 የሕክምና ተማሪ የነበሩትን ቬራን አገቡ፤ በዚያው ዓመትም አርተር ባልፉር ከተባሉት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ጋር ተገናኙ።

አሁን ወደ ባሩዱ እንሂድ። በጎንደርም ሆነ በትግራይ ያደገ ሰው ስለ ውጅግራ ሳይሰማ አልቀረም። ስሙ የመጣው ፉዚል ግራ ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ ነው፤ ፉዚል ጠመንጃ ነው፣ ግራ ደግሞ ጠመንጃውን የሠራው መኮንን ስም ነው። የተሠራውም ቫይጽማን በተወለዱበት በ1874 ነው። አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ ባሩዱም ጥቁር ባሩድ ነበር። ጥቁር ባሩድ ሲተኮስ ከግማሽ በላዩ ጢስና ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። ጢሱ ለአዳኙ አውሬውን ይጋርድበታል፣ ለጠላት ደግሞ ተኳሹ ያለበትን ቦታ ያሳብቅበታል። ጥላሸቱም ውስጡን ይደፍነዋል። በዚህ የተነሳ ጠባብ አፈሙዝ ያለው ጠመንጃ በጥቁር ባሩድ መሥራት አስቸጋሪ ነበር።

በ1884 ፖል ቪዬል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት በአሲድ ከተነከረ ጥጥ ጢስ አልባ ባሩድ ሠራ። ወዲያው የጠመንጃ አፈሙዝ ጠበበ፤ መጀመሪያ ወደ 8 ሚሊ ሜትር፣ ቆይቶም ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ወረደ። ጥይቱ ቀለለ፣ ፍጥነቱ ጨመረ፣ ሩቅም ደረሰ።

ሆኖም አዲስ ጥያቄ መጣ፤ የትኛው ባሩድ ለየትኛው ጠመንጃ ይሆናል? ቀልሃውን በገዛ እጁ የሚሞላ አዳኝ እስከ ዛሬ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ባሩድ ሁሉ በአንድ ፍጥነት አይነድም። ለሽጉጥ የሚሆነው ፈጥኖ ይነዳል፤ የሽጉጥ አፈሙዝ አጭር ስለሆነ ጥይቱ ከመውጣቱ በፊት ነዶ ማለቅ አለበት። ጠባብና ረጅም አፈሙዝ ላለው ጠመንጃ ግን ጥይቱን እየገፋ የሚከተለው፣ ዘግየት ብሎ የሚነድ ባሩድ ያስፈልጋል። የሽጉጡን ባሩድ በዚህ ጠመንጃ ቀልሃ የሞላ ሰው፣ ጥይቱ ሳይንቀሳቀስ ግፊቱ በአንዴ ይነሳና ጠመንጃው ፊቱ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል። በባሩድ ምርጫ ግምት የማይፈቀደው ለዚህ ነው።

እንግሊዞች በ1889 የራሳቸውን መልስ አገኙ፤ ስሙ ኮርዳይት ይባላል። በአሲድ የተሠራውን ጥጥና ናይትሮግሊሰሪንን አሴቶን በሚባል ፈሳሽ እንደ ሊጥ ያቦኩታል፤ ሊጡን በቀዳዳ ገፍተው እንደ ክር ያወጡታል፤ ከዚያ አሴቶኑ በኖ ይደርቃል። ስሙም የመጣው ከዚሁ ከክሩ ነው። ክሩ ሲቀጥን ቶሎ ይነዳል፣ ሲወፍር ይዘገያል። ስለዚህ ቀጭኑ ለጠመንጃ፣ ወፍራሙ ለመድፍ ይሆናል። የመጀመሪያው ኮርዳይት ናይትሮግሊሰሪኑ 58 ከመቶ ስለነበር ሙቀቱ አፈሙዙን እየበላ አስቸገረ፤ በኋላ ወደ 30 ከመቶ ዝቅ አደረጉት። አሴቶን ግን ለሁለቱም አስፈላጊ ነበር። ዛሬ ሴቶች የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበት ያው ፈሳሽ ማለት ነው።

ያን ጊዜ አሴቶን የሚገኘው እንጨት አፍኖ በማክሰል ነበር። ብዙ እንጨት ተቃጥሎ የሚገኘው ጥቂት ነው። እንግሊዝ አብዛኛውን ከአሜሪካ ታስመጣ ነበር። በ1914 ጦርነቱ ሲነሳ የሚመጣው አልበቃ አለ፤ በ1915 የመድፍ ጥይት እጥረት መንግሥቱን አናጋ።

ቫይጽማን ከጦርነቱ በፊት ይደክሙ የነበረው ለባሩድ አልነበረም። ሰው ሠራሽ ጎማ ለመሥራት ቡታኖል የሚባል አልኮል ፈልገው፣ ስታርችን ወደዚያ የሚለውጥ ባክቴሪያ ያስሱ ነበር። በመጨረሻም አንድ ጠንካራ ባክቴሪያ አገኙ። በቆሎ ተፈጭቶና ተቀቅሎ ለዚህ ባክቴሪያ ሲሰጥ፣ እንደ እንጀራ ሊጥ ይቦካል፣ እንደ ጠላም ይፈላል። ከሚገኘው ፈሳሽ አሥር እጅ ስድስቱ ቡታኖል፣ ሦስቱ አሴቶን፣ አንዱ ተራ አልኮል ነው። አሴቶኑ እንደ ተረፈ ምርት የሚታይ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ግን ተረፈ ምርቱ ከዋናው በለጠ።

የባሕር ኃይል ሚኒስትር የነበሩት ዊንስተን ቸርችል ቫይጽማንን አስጠሩ። በምሥራቅ ለንደን የሚገኝ አንድ የጂን መጥመቂያ ተሰጥቷቸው፣ በጠርሙስ የሠሩትን በትልቅ ጋን ሞከሩት፤ ሠራም። በሆልተን ሂዝ የባሕር ኃይሉ የኮርዳይት ፋብሪካ ውስጥም ለዚሁ ሥራ የሚሆን ተቋም ተተከለ። በካናዳ ቶሮንቶም አንድ ትልቅ መጥመቂያ ወደ አሴቶን ሥራ ተዛወረ።

በ1917 የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች የእህል መርከቦችን እያሰጠሙ በቆሎ ብርቅ ሆነ። ለሰው የሚበላ እህል ለባሩድ ማዋል ከባድ ነበርና፣ ሰው የማይበላው የፈረስ ደረት ነት የሚባለው የዛፍ ፍሬ እንዲለቀም ተወሰነ። የእንግሊዝ ተማሪዎች ለምን እንደሚፈለግ በዝርዝር ሳይነገራቸው በጆንያ እየለቀሙ ሰበሰቡ። ፍሬው ግን የታሰበውን ያህል አልሰጠም። እውነቱን ሙሉ ለማድረግ ይህንንም መጨመር ይገባል፤ ሌሎች ኬሚስቶች በአሴቶን ፈንታ ኤተርና አልኮል የሚጠቀም ሌላ ኮርዳይት ሠርተው ነበር። እንግሊዝን ያገዛት የብዙ ሰው ሥራ ነው፤ የቫይጽማን ድርሻ ግን ትልቅ ነበር።

ኖቬምበር 2 ቀን 1917 የባልፉር ደብዳቤ ወጣ፤ እንግሊዝ በምድረ እስራኤል የአይሁድ ሕዝብ ብሔራዊ ቤት እንዲቋቋም እንደምትደግፍ የገለጸችበት ነው። ከዓመታት በኋላ ሎይድ ጆርጅ በጻፉት ማስታወሻ ነገሩን የአሴቶኑ ውለታ ክፍያ አስመሰሉት። ወሬው እስከ ዛሬ ይነገራል። ቫይጽማን ራሳቸው ግን በሕይወት ታሪካቸው መጽሐፍ አልተቀበሉትም። ምክንያታቸውም ይገባናል። አገር እንደ ደመወዝ የሚሰጥ ከሆነ፣ ሰጪው በፈለገ ጊዜ ሊነሳ ይችላል። ደብዳቤው ከአሥር ዓመት በላይ የተደረገ ማሳመንና የእንግሊዝ የራሷ የጦርነት ጥቅም ውጤት ነበር። ባሩዱ በር ከፈተላቸው፤ በሩን አልፎ መግባትና መከራከር ግን የራሳቸው ሥራ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላም ሥራቸው ቀጠለ። በ1918 በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ መሪው እሳቸው ነበሩ። በ1934 በሬሖቮት የምርምር ተቋም ከፈቱ፤ በ1949 በስማቸው የተጠራው እሱ ነው። ጦርነት ያልፈለገው ቡታኖልም ለመኪና ቀለም ተፈላጊ ሆነ።

ያቺው እንግሊዝ ግን በ1939 ባወጣችው ነጭ ወረቀት ወደ አገሪቱ የሚገቡ አይሁድን በአምስት ዓመት ለ75,000 ሰው ወሰነች። አውሮፓ በምትነድበት ሰዓት በሩ ተዘጋ። በሱዳን በረሃ ወይም በአዲስ አበባ መጠለያ ሆኖ የመግቢያ ወረቀት የጠበቀ ሰው፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይነግረውም። ቫይጽማን ሕጉን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ቢሆንም በሁለተኛው ጦርነት ከእንግሊዝ ጎን ቆሙ። ታናሹ ልጃቸው ሚካኤል የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪ ነበር። በፌብሩዋሪ 1942 አውሮፕላኑ በባሕር ላይ ጠፋ፤ አስከሬኑም አልተገኘም። አባትና እናት መቃብሩን እንኳ ሳያዩ ቀሩ።

በ1945 ደግሞ እዚያው ሬሖቮት ውስጥ፣ በአንድ የልብስ ማጠቢያና ዳቦ ቤት ሥር፣ ወጣቶች በድብቅ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት መሥራት ጀመሩ። ቦታው የአያሎን ተቋም ይባላል። እስከ 1948 ከሁለት ሚሊዮን በላይ ጥይት ተሠርቶበታል። ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ ብዙ ትማሩበታላችሁ።

በማርች 1948 ቫይጽማን ታመው ሳለ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን ጋር ተገናኝተው ስለ አገራቸው ተማጸኑ። ሜይ 14 ቀን መንግሥቱ ሲታወጅ ኒው ዮርክ ነበሩ፤ በነጻነት አዋጁ ላይ ፊርማቸው የለም፤ በኋላም እንዲፈርሙ አልተደረገም። ይህም እንዳሳዘናቸው ይነገራል። በፌብሩዋሪ 1949 ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ሥልጣኑ ግን የክብር ብቻ ነበር፤ ዐይናቸውም እየደከመ ሄዶ ነበር። ኖቬምበር 9 ቀን 1952 አረፉ፤ በሬሖቮት ቤታቸው ግቢ ተቀበሩ።

በአስተማሪነት ዘመኔ ፈተና ወድቀው ተስፋ የሚቆርጡ ተማሪዎች ሲያጋጥሙኝ የጎማውን ነገር እነግራቸው ነበር። ቫይጽማን ሲነሱ የፈለጉት ጎማ ነበር፤ በባሩድ ታወቁ፤ የቀረላቸው ግን ዩኒቨርሲቲና የምርምር ተቋም ነው። ልጆቻችሁ ዛሬ በቤተ ሙከራ የሚደክሙበት ነገር ነገ ለምን እንደሚውል ከወዲሁ አይታወቅም፤ ብቻ ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ አበረታቷቸው።

 በሚቀጥለው ዝግጅት በሌላ ሰው ታሪክ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።